«አ» እና «ዓ» በኮምፒውተር ዘንድ

በፊዚክስ ትንሹ «ኤም» በመለኪያ ምልክት ፊት ሲጻፍ «ሚሊ»፣ ትልቁ ደግሞ «ሜጋ» ማለት ነው፤ ልዩነታቸው 1 ቢሊዮን እጥፍ ነው። መረጃን በታጎች ለይቶ በሚያስቀምጠው በኤክስኤምኤል ሰነድም ትልቅና ትንሽ ፊደል አይተካኩም። ኮምፒውተር የሚያመሳክረው የፊደሉን ድምፅ ሳይሆን ቁጥሩን ነውና፤ በዩኒኮድ ትልቁ «ኤ» 65፣ ትንሹ 97 ነው።

የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከዚህ ወጥመድ ያመለጥን ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት አሉን። አንዱ ጸሐፊ «አዲ አርቃይ»፣ ሌላው «ዓዲ አርቃይ» ቢል አንባቢ ያንኑ የሰሜን ጎንደር ወረዳ ይረዳል፤ ለኮምፒውተሩ ግን «አ» 4768፣ «ዓ» 4819 ነው።

የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በኤክስኤምኤል 1.0 ለታግ ስምነት የተፈቀደው በ2008 በወጣው 5ኛ እትም ነው። ስለዚህ ዛሬ «አዲ_አርቃይ» የሚል ታግ መፍጠር ይቻላል።

የመክፈቻውና የመዝጊያው ታግ ፊደል ከተለያየ ብራውዘሩ ስሕተት መኖሩን ያስታውቃል። በሰነዱ «አዲ_አርቃይ»፣ የገጹን መልክ በሚወስነው ሲኤስኤስ «ዓዲ_አርቃይ» ከተጻፈ ግን ዝም ይላል፤ የታዘዘው ቀለም ሳይታይ ይቀራል፤ ተማሪውም ስሕተቱን በሌለበት ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

መፍትሔው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የስሞቹን አጻጻፍ በአንድ ዝርዝር መወሰን፣ ከዚያም ስሙን በየጊዜው ከመተየብ ይልቅ ከዝርዝሩ መቅዳት ነው። «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ»ም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ።