አንድ መንጋ ወፍ፣ ሁለት ተመልካች

የዱር እንስሳት በተመልካች ላይ ከሚያሳድሩት ስሜቶች ተመራማሪዎችን ከሳቡት አንዱ ግርምት ነው፤ የሥነ ልቦና ምሁራኑ ዳከር ኬልትነርና ጆናታን ሃይት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳብራሩት፣ ግርምት ሰው ከለመደው ልክ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመውና ያንን ለመረዳት የቀደመ አስተሳሰቡን ማስፋት ግድ ሲሆንበት የሚሰማው ስሜት ነው። ይህን ስሜት ፈልጎ ወደ ሰሜን ወሎ የሚመጣ ጎብኚ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ወደሚታዩበት ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ይወጣል፤ የራያ ቆላ ግን እምብዛም ትዝ አይለውም።

ሆኖም ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ በተዘረጋው በራያው የቆቦ ሜዳ፣ ማሽላው ፍሬ በሚይዝበት ወቅት የግሪሳ ወፍ መንጋ ሲመጣ ከዚያ የማይተናነስ ትእይንት ይታያል። ግሪሳ ከ20 ግራም ብዙም የማትመዝን ትንሽ ወፍ ብትሆንም ከዱር ወፎች ሁሉ በቁጥር ትበልጣለች ተብሎ ይታመናል፤ መንጋው ሲመገብም ከኋላ ያሉት ከፊት ያሉትን እየዘለሉ ስለሚያርፉ፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰው በማሳው ላይ የሚንከባለል ጭስ ይመስላል።

ማማ ላይ የቆመው የማሽላ ጠባቂ የሚሰማው ግን ሥጋት ነው። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ትበላለችና፣ አንድ ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ያህል ሊያጠፋ ይችላል። በተለይ እሸቱ ወተት በያዘበት ጊዜ ወፏ ፍሬውን በቀላሉ ጨፍልቃ ስለምትመጠው፣ ልጅ አዋቂው ጎህ ሳይቀድ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ሲወነጭፍ፣ ጅራፍ ሲያጮህና ቆርቆሮ ሲመታ ይውላል፤ መንጋው በብዛት የሚመገበው ጠዋትና አመሻሽ ላይ በመሆኑም ጠባቂው ትንሽ ፋታ የሚያገኘው ቀትር ላይ ነው።

ሁለቱን ስሜቶች የለያያቸው ተመልካቾቹ ሊያጡት የሚችሉት ነገር ነው፤ ጎብኚው በመንጋው ምክንያት የሚጎድልበት የለም፣ የገበሬው የዓመት ቀለብ ግን እዚያው ማሳ ላይ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ግርጌም ጭላዳ ገብሱን ለሚበላበት ገበሬ ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ በራያ የወፍ ጉብኝት ቢጀመር፣ ጎብኚውን ከጠባቂው ጋር ማማ ላይ ማቆምና ከክፍያው ድርሻውን ለባለማሳው መስጠት ተገቢ ይሆናል። መንጋውን ለማጥፋት ወፎቹ በሚያድሩበት ስፍራ በአውሮፕላን የሚረጨው ኬሚካል ሌሎች ወፎችንና የሞቱትን የሚበሉ አሞሮችንም እንደሚገድል ጎብኚው መስማት አለበት፤ ገበሬው ያንን አውሮፕላን ለምን በጉጉት እንደሚጠብቅም እንዲሁ።