በኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ስለሚደረግ የዕቃ ግብይት፤ ከደቡብ ምዕራብ የቡና ገበያ ጋር በማነጻጸር

ገበያ ሲባል ወዲያው በሐሳባችን የሚመጣው ዕቃውን ተሸክሞ የመጣ ሻጭና የጆንያውን አፍ ፈቶ የሚመለከት ገዢ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ከሚኖሩት ወጣቶች መካከል አንዳንዶቹ የሚገበያዩት ዕቃ በእጅ የማይዳሰስ፥ በሚዛን የማይመዘን፥ በጆንያም የማይቋጠር ነው። ይኸውም በእጅ ስልክ ወይም በኮምፒዩተር በሚካሄዱ ጨዋታዎች ውስጥ የሚገኝ ሰይፍ፥ ልብስ፥ የጨዋታ ወርቅ፥ አንዳንድ ጊዜም ተጫዋቹ ለወራት የደከመበት አካውንት በሙሉ ነው። ክፍያው ግን የጨዋታ አይደለም፤ በቴሌብር ወይም በባንክ የሚተላለፍ እውነተኛ ብር ነው። በዚህ አገር ደግሞ ተማሪው የሚከፍለው ብር ምንጩ ሲመረመር፥ ብዙውን ጊዜ ከቡና ለቀማ ተገኝቶ ወላጅ ለልጁ ትምህርት የላከው ነው። ስለዚህ ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን በተራ እንመረምራለን። አንደኛ፥ የማይዳሰስ ዕቃ ዋጋ የሚያገኘው ከምን የተነሣ ነው? ሁለተኛ፥ የማይተዋወቁ ተጫዋቾች እንዴት ይገበያያሉ፥ ማታለልስ የሚገባው በየት በኩል ነው? ሦስተኛ፥ ይህ ዕቃ በሕግ ዓይን ንብረት ነው ሊባል ይቻላልን?

ስለ ዋጋው ምንጭ

በመጀመሪያ የአሞሌን ነገር እናስታውስ። አሞሌ በአፋር ምድር ከጨው ሜዳ ላይ እየተፈለጠ የሚወጣ ሲሆን፥ ለብዙ ዘመን በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል፤ በከፋም ገበያ ይሠራበት ነበር። ያው አንዱ አሞሌ ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ ይሄድ ነበር። ጨውነቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመንገዱ ርዝመት፥ የነጋዴው ድካምና ዕቃው በደረሰበት አገር ያለው እጥረት ነው። የጨዋታ ዕቃም ዋጋ የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ሰይፍ በቀላሉ የማይገኝ ከሆነና እርሱን ለማግኘት ብዙ ሌሊት መጫወትን የሚጠይቅ ከሆነ፥ ጊዜ የሌለው ተጫዋች ጊዜ ላለው ተጫዋች ገንዘብ ይከፍላል። የተሸጠው በእውነቱ ሰይፉ ሳይሆን የሌላው ሰው ጊዜ ነው።

ይህን ጉዳይ በምጣኔ ሀብት ትምህርት መጀመሪያ በሰፊው ከመረመሩት አንዱ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ካስትሮኖቫ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ኤቨርኩዌስት በተባለው ጨዋታ ውስጥ ስላለችው ኖራት ስለምትባል ምናባዊ አገር ጻፈ። ተጫዋቾች የጨዋታውን ገንዘብ ከጨዋታው ውጭ በዶላር ይሸጡ ስለነበር፥ ያንን ዋጋ እንደ ምንዛሪ ወስዶ አሰላው። በስሌቱም መሠረት የኖራት ገንዘብ አንዱ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ጥቂት የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በዚያን ጊዜ ከአንድ የጃፓን የን ይበልጥ ነበር። በምድር ላይ የሌለች አገር ገንዘቧ የታላቅ አገርን ገንዘብ በለጠ ማለት ነው።

የጊዜ ሽያጭ መሆኑን የቬኔዝዌላ ታሪክ ይበልጥ ያስረዳል። የዚያች አገር ገንዘብ በወደቀበት ወራት፥ በተለይ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ፥ ብዙ ቬኔዝዌላውያን ሩንስኬፕ በተባለው ጨዋታ ውስጥ ወርቅ እየሰበሰቡ ለውጭ አገር ተጫዋቾች በመሸጥ የዕለት ምግባቸውን ይገዙ ነበር። ለገዢው መዝናኛ የሆነው ለሻጩ የቀን ሥራ ሆኖ ነበር።

ሆኖም በአሞሌና በጨዋታ ዕቃ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። አሞሌን የሚቀበል ነጋዴ ቢጠፋ ባለቤቱ ፈጭቶ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። የጨዋታ ሰይፍ ግን የሚፈልገው ተጫዋች ከጠፋ ለምንም አይሆንም። ደግሞም የጨው እጥረት ከበረሃውና ከመንገዱ የመጣ ሲሆን፥ የሰይፉ እጥረት የመጣው ከጨዋታው ባለቤት ፈቃድ ብቻ ነው። ኩባንያው ቢፈልግ በአንድ ሌሊት ሚሊዮን ሰይፍ ሊያወጣ ይችላል፤ ድካሙም ከምንም አይቈጠርም።

እ.ኤ.አ. በ2024 በአገራችን ብዙ ወጣቶች ሃምስተር ኮምባት በተባለው የቴሌግራም ጨዋታ የስልካቸውን መስታወት ሲነካኩ መክረማቸው ይታወሳል። በሚሊዮን የሚቈጠር የጨዋታ ሳንቲም ያከማቹ ሁሉ፥ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ወደሚሸጥ ገንዘብ ተለውጦ ሲከፋፈል የደረሳቸው እጅግ ጥቂት ስለነበረ አዘኑ። ቍጥር መብዛቱ ዋጋ አይደለም፤ ዋጋ የሚሆነው ቍጥሩን የሚያወጣው ሰው ልጓም ሲኖረውና በሌላው ወገን ፈላጊ ሲገኝ ነው።

ስለ አገበያየቱ ሥርዓት

በጨዋታው ውስጥ ዕቃ በዕቃ መለዋወጥ በቂ ጥበቃ አለው። ለምሳሌ በሩንስኬፕ ሁለት ተጫዋቾች ሲገበያዩ በመጀመሪያ ሁለቱም የሚሰጡትን በአንድ ሰሌዳ ላይ ያስቀምጣሉ። ሁለቱም ከተስማሙ በኋላ ሁለተኛ ሰሌዳ ይወጣና የመጨረሻውን ዝርዝር እንዲያነቡ ይጠየቃሉ። ሁለቱም ዳግመኛ ሲያጸድቁ ብቻ ዕቃው በአንድ ቅጽበት ይተላለፋል። ሁለተኛው ሰሌዳ ያስፈለገበት ምክንያት፥ ውድ ዕቃ አሳይቶ በመጨረሻዋ ሰዓት በርካሽ የሚለውጥ አታላይ እንዳይኖር ነው። ከላይ ደረቅ ቡና አሳይቶ ከታች እርጥቡን የሚያቀብል ሰው የትኛውም ገበያ ቢሆን አያጣውም።

ከዚህም የላቀ ሥርዓት በኋላ ተጨመረ። ሩንስኬፕ በኅዳር ወር 2007 እ.ኤ.አ. ታላቁ ገበያ ሊባል የሚችል ማዕከል ከፈተ። ሻጭ ዕቃውን፥ ገዢም ሳንቲሙን አስቀድሞ ለማዕከሉ ያስረክባል፤ ማዕከሉ ዋጋቸው የሚገጥመውን ያገናኛል፤ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው አይተያዩም። አንባቢያችን ይህን ሲሰማ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ሳያስታውስ አይቀርም። ምርት ገበያው ሥራ የጀመረው ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሲሆን፥ ቡናም በሚቀጥለው ዓመት ገባበት። የቤንችና የሸካ ቡና በምርት ገበያው መጋዘን፥ ለምሳሌ በቦንጋ፥ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ይቀመጣል፤ አስቀማጩም የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል። በአዲስ አበባ የሚሸጠው ጆንያው ሳይሆን ይህ መብት ነው፤ ገዢውም ገንዘቡን አስቀድሞ በባንክ ማስያዝ አለበት። በኋላ ለአምራቹና ለላኪው ሌላ መንገድ ቢከፈትም፥ ሐሳቡ ያው ነው፤ ሰዎቹ ሳይተዋወቁ የሚተማመኑት በመካከላቸው ባለው ድርጅት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ዕቃው በብር ሲሸጥ ነው። በዚህ ጊዜ የግብይቱ ግማሽ በጨዋታው ውስጥ፥ ግማሹ ደግሞ ከጨዋታው ውጭ ይሆናል። ሰሌዳው ሰይፉን ያያል እንጂ ቴሌብሩን አያይም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ መስጠት ግድ ይሆንበታል፤ ቀድሞ የሰጠውም በሌላው ምሕረት ሥር ይወድቃል። ገንዘብ ልከው ዕቃ ያልደረሳቸው፥ ዕቃ አስረክበውም ገንዘብ ያላዩ ጓደኞች አሉን። አታላዩ ስሙን ለውጦ በሌላ የቴሌግራም ገጽ ስለሚመለስ፥ ፊቱ በገበያ ከሚታወቅ ነጋዴ ጋር አንድ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው የአካውንት ሽያጭ ነው። የብዙዎቹ የእጅ ስልክ ጨዋታዎች ውል አካውንት መሸጥን ይከለክላል። ደግሞም የይለፍ ቃሉ ቢለወጥ እንኳ፥ መጀመሪያ የከፈተው ሰው በቀድሞው ስልክ ቍጥሩ ወይም ኢሜይሉ ተጠቅሞ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ይህ ከሩቅ አገር ተገዝታ ማታ ወደ ቀድሞ በረቷ እንደምትመለስ ላም ነው፤ ልዩነቱ የላሟ ገዢ ዱካዋን ተከትሎ መሄድ መቻሉ ነው።

ተጫዋቾችም ለዚህ መድኃኒት ፈልገዋል። አንደኛው ሁለቱም የሚያምኑትን ሦስተኛ ሰው በመካከል ማስገባት ነው፤ ሰውየው ገንዘቡንም ዕቃውንም ይዞ ለየባለቤቱ ያስረክባል። ይህ በአገራችን ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀውን ደላላና ዋስ በአንድነት የያዘ ሥራ ነው። ነገር ግን ዋስ የሚያስተማምነው ቤቱና ዘመዱ ስለሚታወቅ ነው፤ አድራሻ የሌለው አማላጅ ራሱ አታላይ ቢሆን የሚጠየቅ አይገኝም። ሁለተኛው መንገድ ግብይቱን ቈራርጦ በጥቂት በጥቂቱ መፈጸም ነው፤ ይህም ጉዳቱን ያሳንሳል እንጂ አያስቀርም።

የጨዋታዎቹም ባለቤቶች በበኩላቸው ተቸግረዋል። ሩንስኬፕ ወርቅ ሻጮች በተሰረቀ የባንክ ካርድ እየከፈሉ ስለገቡበት፥ በ2000 ዓ.ም. በተጫዋቾች መካከል ያለውን ነጻ ግብይት እጅግ ገደበ። ብዙ ተጫዋቾች ተቃወሙ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ድምፅ ከሰጡት 91 በመቶው እንዲመለስ ስለፈቀዱ ነጻ ግብይቱ ተመለሰ። በተቃራኒው ዲያብሎ 3 የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2012 በእውነተኛ ገንዘብ የሚሠራ የጨረታ ቤት ከፍቶ ነበር። ይሁንና ተጫዋቹ ደክሞ ዕቃ ከመፈለግ ይልቅ መግዛትን ስለመረጠ ጨዋታው ጣዕሙን አጣ፤ የጨረታ ቤቱም እ.ኤ.አ. በማርች 2014 ተዘጋ። ግብይቱን ፈጽሞ መከልከል ተጫዋቹን ያስቈጣል፤ ፈጽሞ መልቀቅም ጨዋታውን ይገድለዋል።

ስለ ሕጉ

እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ ሁለት ልጆች አንድ የ13 ዓመት ልጅ ደብድበውና በቢላ አስፈራርተው፥ በሩንስኬፕ ውስጥ የነበረውን ክታብና ጭምብል ለራሳቸው አስተላለፉ። ጠበቆቻቸው የተወሰደው ነገር የኮምፒዩተር ምልክት እንጂ ዕቃ አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በጥር 31 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ስርቆት ነው ሲል ፈረደ። ምክንያቱም ልጁ ጊዜውንና ድካሙን አፍስሶባቸዋል፤ በእርሱ እጅ ብቻ ነበሩ፤ በተወሰዱበትም ጊዜ ከእርሱ ጠፍተዋል። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1921 ኤሌክትሪክ የማይዳሰስ ቢሆንም ሊሰረቅ እንደሚችል ወስኖ ስለነበር፥ መንገዱ አዲስ አልነበረም።

ከዚህ ጋር የእኛን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እናስተያይ። ሕጉ በቍጥር 1129፥ ኢኮኖሚያዊ ዋጋ ያላቸው እንደ ኤሌክትሪክ ያሉ የተፈጥሮ ኃይሎች በሰው ቍጥጥር ሥር ሆነው ለሰው ጥቅም ሲውሉ እንደ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ይቈጠራሉ ይላል። የጨዋታ ሰይፍ የተፈጥሮ ኃይል ስላልሆነ ይህ ቍጥር በቀጥታ አይነካውም። ነገር ግን ሕግ አውጪው ዕቃ ለመባል መዳሰስን ብቻ እንዳልጠየቀ፥ ዋጋ መኖሩንና በሰው እጅ መግባቱን እንደተመለከተ ከዚህ እንረዳለን።

ሌላው እንቅፋት ከጨዋታው ውል ይመጣል። በብዙ ጨዋታዎች ውል ተጫዋቹ የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይሰጠውም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከመታወጁ በፊት የነበረው ጪሰኛ መሬቱን ለዓመታት ቢያርስም ባለመሬቱ ሊያስነሣው ይችል እንደነበረ፥ ተጫዋቹም ኩባንያው በፈለገ ጊዜ ሊያስወጣው ይችላል። እንግዲህ አንድ ዕቃ በሌላ ተጫዋች ፊት ንብረት፥ በኩባንያው ፊት ግን ውሰት መሆኑ ነው። እነዚህ ሁለቱ እንደማይቃረኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ጪሰኛውም ቢሆን አዝመራውን ጎረቤት ሲሰርቀው ዝም ይል አልነበረም።

ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። ሰይፉ ዕቃ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ባያልቅም፥ የተከፈለው ብር ያለ ጥርጥር ገንዘብ ነው። አታልሎ ብር የተቀበለ ሰው ስለ ብሩ ሊጠየቅ ይችላል፤ የሌላውን አካውንት ያለ ፈቃድ የገባበትም በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ያለበት ኃላፊነት አለ። ስለዚህ የቴሌብሩን ማስረጃና የተጻጻፉትን ቃል ማስቀመጥ ከንቱ ሥራ አይደለም።

መደምደሚያ

ከተባለው ሁሉ የምናገኘው ይህ ነው። የጨዋታ ዕቃ ዋጋ ሐሰት አይደለም፤ የሰው ጊዜ ስላለበት እውነተኛ ነው። ነገር ግን በሁለት ደካማ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ የኩባንያው ፈቃድ፥ ሁለተኛው የማይታወቅ ሰው ቃል ነው። የቡና ገበያ እነዚህን ሁለት ድክመቶች ለማሸነፍ ሚዛን፥ ደረጃ፥ መጋዘን፥ ደረሰኝና አስቀድሞ የሚያዝ ገንዘብ አስፈልጎታል፤ ይህም ሁሉ ተደርጎ ክርክር አላለቀም። የጨዋታው ገበያ በብር ሲሆን ከነዚህ አንዱም የለውም። ስለዚህ አባቱ አንድ ኪሎ እሸት ቡና ሲሸጥ ሚዛኑን አስተካክሎ የሚያይ ከሆነ፥ ልጁ የዚያን ቡና ዋጋ በስልክ ሲልክ ከአባቱ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ አይገባውም።

የሕግና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቻችን ይህን ጉዳይ ከእኛ አጥልቀው እንዲመረምሩት፥ በተለይም በመካከል የሚቆም የታመነ ድርጅት በአገራችን እንዴት ሊቋቋም እንደሚችል እንዲያስቡበት እንጠይቃለን።