በሚፈላ ውሃ ውስጥ ማን ይኖራል?



«ውሃውን አፍሉት፣ ባክቴሪያው ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው። ለኮሌራና ለታይፎይድ እውነት ነው። ለሁሉም ግን አይደለም።

በ1966 እ.ኤ.አ. ቶማስ ብሮክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ሃድሰን ፍሪዝ የተባለ ተማሪው (እንደኛው ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ነበር) የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ካለ፣ ወደ አልካላይን ከሚያደላ ፍልውሃ ናሙና ወሰዱ። ከዚያ ያገኙት ባክቴሪያ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፋፋል። በ1969 ቴርመስ አኳቲከስ ብለው ሰየሙት።

ሌሎች ለምን ቀድመው አላገኙትም? ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ የሚፈልጉት ናሙናቸውን በ55 ዲግሪ ነበር የሚያሳድጉት። በዚያ ሙቀት ፈጥነው የሚራቡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዙበታል። ምግቡም ይበዛ ነበር። ይህ ፍጥረት የለመደው የፍልውሃን ችጋር ነውና የተትረፈረፈ ምግብ እድገቱን ይገታዋል። እነ ብሮክ ሙቀቱን ከፍ፣ ምግቡን ቀነስ ሲያደርጉ ብቅ አለ። ኋላ ከቧንቧ ሙቅ ውሃ ውስጥም አግኝተውታል። (የኛ ዶርም ከዚህ ነፃ ነው፤ ሙቅ ውሃ የለውማ!)

እንቁላል ሲቀቀል የሚረጋው ፕሮቲኑ በሙቀት ቅርጹን ስለሚያጣ ነው። የቴርመስ ፕሮቲኖች ግን ጠበቅ ብለው ስለተጣጠፉ ቶሎ አይፈቱም። ፒሲአር የሚባለው ዲኤንኤ የማባዣ ዘዴ በየዙሩ ወደ 95 ዲግሪ ይሞቃል። መጀመሪያ ላይ ኢንዛይሙ እየተበላሸ በየዙሩ አዲስ ይጨመር ነበር። ከዚህ ባክቴሪያ የተገኘው ታክ ፖሊመሬዝ ይህን ጣጣ አስቀረ። የኮቪድ ምርመራችንም የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

የፒሲአር መብት በ1991 በ300 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ፍልውሃው ያለበት ፓርክ አንድ ሳንቲም አላገኘም። ይህ እኛን ይመለከታል። ሻላ፣ አቢጃታና ጪቱ የሶዳ ሐይቆች ናቸው፤ በሻላ ዳርቻም ፍልውሃ ይፈልቃል። እዚያ ያለው ሕይወት ገና ተጠንቶ አላለቀም። ናሙናው ዝም ብሎ በሻንጣ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጥቷል። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ወደዚያ የምታስቡ የባዮሎጂና የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ልጆች፣ ስለ ፈቃዱ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ ቴርሞሜትርና ፒኤች መለኪያም ያዙ።