የድሮ የአሜሪካ መኪኖች፦ ውበታቸው፣ ጉልበታቸውና ያልታየው ድክመታቸው

የድሮ መኪና ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው ስለ ብረቱ ነው። “ያኔ የተሠራ መኪና ቢጋጭ እንኳ አይጨማደድም” የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በተለይ ባለፈው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ የተመረቱት ግዙፍ መኪኖች የጥንካሬ ምሳሌ ተደርገው ይታያሉ። ለመሆኑ እነዚህ መኪኖች በምን ይለያሉ? ብረታቸውስ በእርግጥ ተሳፋሪውን ይጠብቅ ነበር? መልሱን ለማግኘት መኪኖቹ የተሠሩበትን ዘመን መንገድ፣ የነዳጅ ዋጋና የገዥውን ፍላጎት መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጭቃ መንገድ የተሠራው

በ1908 ለገበያ የቀረበው ፎርድ ሞዴል ቲ የአሜሪካን አርሶ አደር ከመኪና ጋር ያስተዋወቀ ነው። በወቅቱ የገጠሩ መንገድ በአብዛኛው የአፈር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይውጠዋል፣ በበጋ ደግሞ የጋሪ ጎማ ይቦረቡረዋል። ስለዚህም መኪናው ከመሬት ከፍ ብሎ በትልልቅና ቀጫጭን ጎማዎች ላይ እንዲቆም ተደረገ። ቫናዲየም የተባለ ማዕድን የተቀላቀለበት ብረት በመጠቀሙ ቀላልም ጠንካራም ሆነ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሩ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም የሚነሳው ከፊት ለፊት የተሰካውን ብረት በእጅ በማዞር ነበር።

ነዳጁ ወደ ሞተሩ የሚወርደው ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ክብደት ነው። በመሆኑም ነዳጅ ሲያንስ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጠፋ ነበር። አሽከርካሪዎች መላ አላጡም፤ መኪናውን አዙረው በኋላ ማርሽ ዳገቱን ይወጡ ነበር። አርሶ አደሮችም የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስተው ቺንጋ በማሰር እህል ይፈጩበት፣ እንጨት ይሰነጥቁበት፣ ውኃ ይስቡበት ነበር።

በ1913 ፋብሪካው መኪናው እየተንቀሳቀሰ በየሠራተኛው ፊት የሚያልፍበትን የመገጣጠሚያ መስመር ከጀመረ በኋላ የአንዱ መኪና ሻንሲ መገጣጠሚያ ጊዜ ከ12 ሰዓት በላይ ከነበረው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። መጀመሪያ 850 ዶላር ይሸጥ የነበረው መኪናም በ1925 ርካሹ ዓይነት 260 ዶላር ደረሰ። ምርቱ እስከቆመበት 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል።

ክንፍ ያወጡት መኪኖች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ቤንዚን ርካሽ ነበር፤ ገቢም አደገ። በ1956 የጸደቀው ሕግ ደግሞ 66 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ፈጣን መንገድ እንዲገነባ ፈቀደ። ለሰፊ አስፋልት ሰፊ መኪና ተሠራለት።

የዘመኑ መለያ ከኋላ በኩል እንደ ክንፍ የሚቆመው ብረት ነው። በሃርሊ ኧርል የሚመራው የጄኔራል ሞተርስ የንድፍ ክፍል ፒ-38 ከተባለው የጦር አውሮፕላን ጅራት ሐሳቡን ወስዶ በ1948ቱ ካዲላክ ላይ አነስተኛ ክንፍ አወጣ። ክንፉ በየዓመቱ እያደገ ሄዶ በ1959ኙ ካዲላክ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። ይህ መኪና 5 ነጥብ 7 ሜትር ይረዝማል፤ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል፤ በየክንፉ ላይም ጥይት የሚመስሉ ሁለት ሁለት ቀይ መብራቶች አሉት። ክንፉ ለጉዞው የጨመረው ጥቅም የለም፤ ለዓይን ማረፊያ ነበር።

ረጅም ኮፈን፣ አጭር ኋላ

በ1960ዎቹ ገበያውን የያዙት ወጣቶች ናቸው። ሚያዝያ 1964 የተዋወቀው ፎርድ ሙስታንግ በረጅም ኮፈኑ፣ በአጭር የኋላ ክፍሉና ከፊት በሚታየው የሚጋልብ ፈረስ ምልክቱ ይለያል። መነሻ ዋጋው 2 ሺህ 368 ዶላር ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት ከ400 ሺህ በላይ ተሸጧል። በዚያው ዓመት የቀረበው ፖንቲያክ ጂቲኦ ደግሞ 6 ነጥብ 4 ሊትር የሚይዝና 325 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተገጠመለት። ይህም ከሞዴል ቲ ከ16 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ብረቱ ያልጠበቀው ሰው

ጉልበቱና ውበቱ እንዲህ ሲያድግ የተሳፋሪው ደኅንነት ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በ1950ዎቹ ከተሠሩት መኪኖች በአብዛኞቹ የደኅንነት ቀበቶ አልነበረም። የመሪው ዘንግ የማይታጠፍ በመሆኑ በግጭት ጊዜ ወደ አሽከርካሪው ደረት ይገፋል። ጠበቃው ራልፍ ኔደር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን አጋለጠ፤ በቀጣዩ ዓመትም አሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ አወጣች።

ልዩነቱ በግልጽ የታየው በ2009 ነው። በአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የሚደገፍ የመንገድ ደኅንነት ተቋም የ1959 ሼቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌት ማሊቡ ጋር በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፊት ለፊት አጋጨ። የአሮጌው መኪና የአሽከርካሪ ክፍል ተጨፈለቀ፤ በውስጡ የተቀመጠው የሙከራ አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ በሕይወት አይተርፍም ነበር። በአዲሱ መኪና ያለው ግን በእግሩ ላይ ቀላል ጉዳት ብቻ እንደሚደርስበት ታየ።

ምክንያቱን ለመረዳት እንቁላል ወደ ገበያ የሚወስድን ሰው ማሰብ ይበቃል። እንቁላሉን የሚያተርፈው የቅርጫቱ ጥንካሬ ሳይሆን በውስጡ የተጎዘጎዘው ጭድ ነው። አዲሱ መኪና ፊቱ ሆን ተብሎ እንዲጨማደድ ተሠርቷል፤ እየተጨማደደ የግጭቱን ኃይል ይውጣል፣ ሰው ያለበት ክፍል ግን እንዳይደፈጠጥ ተጠናክሯል።

የግዙፎቹ መኪኖች ዘመን በ1973 የነዳጅ አቅርቦት ማዕቀብ ማብቃት ጀመረ፤ ቤንዚን ሲወደድ ገዥው ወደ ትንንሾቹ ፊቱን አዞረ። ዛሬ የድሮዎቹ መኪኖች በሰብሳቢዎች እጅና በሙዚየም ይጠበቃሉ፤ የዘመናቸው የእጅ ጥበብ ምስክር ናቸውና ክብር ይገባቸዋል። ያገለገለ ተሽከርካሪ ለመግዛት የሚነሳ ሰው ግን የብረቱን ውፍረት በመዳፉ መትቶ ከመርካት ይልቅ ቀበቶው መሥራቱን፣ ፍሬኑ መያዙን፣ መሪውና ጎማው መልካም ይዞታ ላይ መሆናቸውን አስቀድሞ ቢያረጋግጥ ይበጀዋል።