የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የጨዋታ ዘመንና የራግቢ ጣጣ

በአሰቦትና በጭሮ አካባቢ ልጆች የሚያውቁት ኳስ ድቡልቡሉንና በእግር የሚመታውን ነው። እንቁላል የመሰለውን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ በየወገኑ አሥራ አምስት ሰው የሚሰለፍበት ራግቢ ለአገራችን እንግዳ ነው። ይሁን እንጂ ይህ እንግዳ ጨዋታ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሯጮች ከኦሎምፒክ አስቀርቷቸዋል። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ታሪክ መከተል ይበጃል ብለን እናምናለን፤ እርሳቸውም አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለው ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንደ ተቋቋመ ወዲያው የጣልያን ወረራ መጣ። ጠላት ነጭንና ጥቁርን በሕግ ስለ ለየ፣ የአገሩ ልጅ ከጣልያን ቡድን ጋር መግጠም አይፈቀድለትም ነበር። የክለቡ ስም እንኳ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተደረገ። የአቶ ይድነቃቸው ወጣትነት ያለፈው በዚህ ዘመን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ የኋላው ሥራቸው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ይመስለናልና።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. አምስት ቡድኖች በአንድ ሜዳ ተገናኙ፤ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚስዮን ቡድንና ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበሩ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው። ይሁን እንጂ ትናንት ተከልክሎ የነበረው ግጥሚያ ዛሬ በሕዝብ ፊት መደረጉ ከዋንጫው ይበልጣል። አቶ ይድነቃቸው ለክለባቸው 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ግብ እንዳገቡ፣ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ እንደ ተጫወቱ ተመዝግቦላቸዋል።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭ ብቻ ወይም ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ካልሆነ የተቀላቀለ አልልክም ስላለች፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በግብፅ፣ በሱዳንና በኢትዮጵያ መካከል ብቻ ተደረገ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የዚያ ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ በድሬዳዋ ጥጥ ክለብም ተጫውተዋልና፣ ድሬዳዋን ከአዲስ አበባ ባገናኘው በአሮጌው ሐዲድ መሥመር ላይ ላለነው ለአሰቦት ሰዎች ከሁሉ ይቀርቡናል።

አሁን ወደ ራግቢ እንመለስ። የደቡብ አፍሪካ የራግቢ ቡድን ለብዙ ዓመታት ነጮች ብቻ የሚሰለፉበት ነበር፤ እንግዳ የሚመጣውም ቡድን በዚሁ ልክ እንዲመጣ ይፈለግ ነበር። የኒውዚላንዱ ጆርጅ ኔፒያ በ1917 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ በእንግሊዝ አገርና በፈረንሳይ ስሙን ያስጠራ ተጫዋች ነው። ዳሩ ግን በ1920 ዓ.ም. አገሩ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ስትልክ፣ የማኦሪ ተወላጅ ስለ ሆነ ቀረ። በውቤ ሰፈር ልጆችና በኔፒያ ላይ የተፈረደው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው።

በሰኔ 1968 ዓ.ም. በሶዌቶ ተማሪዎች ተገደሉ። በዚያው ወር የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ እንድትወጣ ጠየቁ፤ ኮሚቴው ግን ራግቢ የኦሎምፒክ ጨዋታ አይደለም ብሎ እምቢ አለ። ከ20 የሚበልጡ አገሮች ወጡ፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ምሩጽ ይፍጠር እስከ 1972 ዓ.ም. ቆይቶ በሞስኮ ሁለት ወርቅ አገኘ፤ ነገር ግን በሞንትሪያል ለመሮጥ ተዘጋጅተው ሁለተኛ ዕድል ያላገኙ ሌሎችም ነበሩ። ዋጋው ቀላል ነበር የሚል ካለ አንስማማም።

በዚያው ሐምሌ፣ በዚያችው በሞንትሪያል ከተማ፣ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ። አቶ ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ሥልጣኑን በ1964 ዓ.ም. ይዘው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ቆዩ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ኮንፌዴሬሽኑ የተመለሰችው ከዚያ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።