በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ያሉት የአይሁድ በዓላት፦ ተረቱና እውነታው

ሁዳዴ ሊገባደድ ሲል ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የበግ ዋጋ በሚወራበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የፈረንጆቹ ፋሲካ አልፎ የእኛ ለምን ዘገየ? መልሱም ዝግጁ ነው፤ «አይሁድ የራሳቸውን ሳይጨርሱ እኛ አናከብርም።»

ግማሹ እውነት ነው። ቤተ ክርስቲያን ትንሣኤን የምታከብረው ከአይሁድ ፋሲካ ቀጥሎ በሚመጣው እሑድ ነው። ነገር ግን የምትጠብቀው የአይሁድ ፋሲካ ራሷ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በበዓላት ማስያ ስሌቷ፣ የቆጠረችውን እንጂ ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ የሚከበረውን አይደለም። የኒቅያ ጉባኤ በ325 እ.ኤ.አ. ክርስቲያኖች የአይሁድን ቆጠራ ሳይከተሉ በአንድ እሑድ እንዲያከብሩ ወስኗል። ማስረጃ የሚፈልግ 2017 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ዋለ፤ ከእስራኤል ውጭ የሚኖሩ አይሁድ በዚያው ዕለት የፋሲካቸውን ስምንተኛና የመጨረሻ ቀን እያከበሩ ነበር። ማንም ማንንም አልጠበቀም። በነገራችን ላይ በዚያ ዓመት ፈረንጆቹም ከእኛ ጋር አብረው አክብረዋል። በሌሎች ዓመታት የምንለያየው እነሱ በ1582 እ.ኤ.አ. የቀን መቁጠሪያቸውን ስላሻሻሉ ነው።

ሁለተኛው ተረት ስለ መጥቅዕ ነው። በእንቁጣጣሽ ካህናት የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ሲያውጁ ብዙ ምእመን መጥቅዕን ለስሌት ብቻ የወጣ ቁጥር አድርጎ ይሰማዋል። መጥቅዕ ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 በሰባተኛው ወር መባቻ መለከት እንዲነፋበት የታዘዘው የአይሁድ በዓል ነው። በአሥረኛው ቀን የሚውለው የማስተስረያ ጾምና በአሥራ አምስተኛው የሚጀምረው የዳስ በዓልም በጥንቱ ሐሳብ ውስጥ ጾመ አይሁድና በዓለ መጸለት ተብለው ቦታ አላቸው። እኛ ዘንድ ግን ሥራ የሚፈታላቸው የለም።

የመጥቅዕ ሥራው ሌላ ነው። የ2017ን እንቁጠር። 5500 ሲደመርበት 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ 11 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209፣ በ30 ሲገደፍ 29 ይቀራል። ከ14 ስለሚበልጥ መጥቅዕ መስከረም 29 ዋለ፤ ቢያንስ ኖሮ ወደ ጥቅምት ይሄድ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ነውና የረቡዕ ተውሳክ (ተጨማሪ ቁጥር) 4 ሲጨመር 33፣ ሠላሳው ሲነሣ 3። ነነዌ የካቲት 3 ገባ። በዚያ ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲደመር ሚያዝያ 12 ይመጣል። እንግዲህ የትንሣኤያችን ቀን የተገኘው ከአይሁድ የመለከት በዓል ተነሥቶ ነው። አይሁድ ራሳቸው ግን በዚያ ዓመት መለከት የነፉት መስከረም 23 ነበር! ልዩነቱ በዋናነት የመጣው የ19 ዓመቱ ዑደት በ300 ዓመት ገደማ ከጨረቃዋ አንድ ቀን ስለሚዘገይ ነው። ሊቃውንቱ ተሳሳቱ ማለት አይደለም። የቆጠሩበት ሥርዓት ዛሬም የራሱን ሕግ ጠብቆ ይሄዳል።

ሦስተኛው፦ «የፋሲካ በግ የኦሪቱ በግ ነው።» ይህን አልቀበለውም። የኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 በግ ዓመት የሞላው ተባዕት ነው፤ ፍየልም ይሆናል። ደሙ በመቃኑ ይቀባል፤ ሥጋው በእሳት ይጠበሳል እንጂ አይቀቀልም፤ አጥንቱ አይሰበርም፤ እስኪነጋ የተረፈው ይቃጠላል። የእኛው ወጥ ይሠራል፣ አጥንቱ ይከተከታል፣ የተረፈው ቋንጣ ሆኖ ይሰቀላል። በሬ በቅርጫ የሚካፈለውም፣ ዶሮ ብቻ የሠራውም ያው ጾሙን ፈታ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የኦሪቱ በግ ምሳሌ ነው፤ አማናዊው በግ ክርስቶስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 ፋሲካችን ክርስቶስ መሠዋቱን ጽፏል፤ ቅዱስ ዮሐንስም በመስቀል ላይ ሳለ አጥንቱ አለመሰበሩን ከዚያ ሕግ ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ ምሳሌው የሚፈጸመው በቅዱስ ቁርባን ነው። ድስቱ የደስታው ነው፤ ደስታውም ደግ ነው።

«ይህ ሁሉ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር የመጣ ነው» የሚሉም አሉ። የሰንበትና የግዝረት ጉዳይ ሌላ ክርክር ነው፤ ባሕረ ሐሳብ ግን በእስክንድርያ በኩል የመጣ ነው። ትውፊቱ የሚሰጠው ጥቅምት 12 ለሚታሰበው ለ12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ነው። ሌሊት 23፣ ቀን 7 ሱባዔ ገብቶ የስሌቱን ቁጥሮች አበቅቴንና መጥቅዕን እንዳገኘ ይነገራል። ግብጻውያን ኦርቶዶክሶችም ትንሣኤን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ። የኦሪቱን በዓላት እንደ በዓል ሲያከብሩ የኖሩት ቤተ እስራኤል ናቸው፤ የመለከቱን ብርሃን ሠረቀ፣ የማስተስረያውን አስተስርዮ ይሉታል።

የመጨረሻው ለልደታ ሰው ነው። «ፋሲካ ከዘገየ የግንቦት 1 ልደታ ጾም ውስጥ ትገባለች» ብሎ የሚሰጋ አይጠፋም። አትገባም። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። በ2002 ዓ.ም. በመጀመሪያው ጫፍ ዋለ። በ1975 ዓ.ም. በሁለተኛው ጫፍ ዋለ፤ ማግስቱ ልደታ ነበር። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ይህ የ50 ቀን ቆጠራ ራሱ ከኦሪት የመጣ ነው። ግንቦት 1 በየትኛውም ዓመት ከእነዚህ ቀናት አይወጣም። ስለዚህ ልደታ ዓርብ ብትውልም ፍስክ ናት።