የምንወደውን ሰው ሮቦት ይተካዋልን?

የሚወዱት ሰው በሞት አልጋ ላይ ሳለ፣ መልኩንና ድምፁን የያዘ ሮቦት እንተካልዎ ቢባሉ ይቀበላሉን? ነገሩ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በደቡብ ኮሪያ ቴሌቪዥን አንዲት እናት በሞት የተለየቻትን ትንሽ ልጇን በኮምፒውተር በተሠራ ምስል አይታ አነጋግራለች። የእናቲቱን እንባ አንንቅም፤ ጌታችንም በአልዓዛር ሞት አልቅሷል። ነገር ግን ማሽን የሞሉትን ይመልሳል እንጂ አይወደንም፤ ብንበድለውም ይቅር ሊለን አይችልም። ጌታ ኢየሱስ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን በአደራ የሰጠው ለሕያው ደቀ መዝሙሩ ነው (ዮሐ. 19፥26-27)። እንግዲህ ታማሚው በሕይወት ሳለ አጠገቡ እንቀመጥ፣ እጁን እንያዝ፤ ይቅር እንባባል። ሲያርፍም ኀዘንተኞቹን ከለቅሶው ቀን በኋላም እንጎብኝ። ተስፋችን ቅጂ ሳይሆን ትንሣኤ ነው።